የዓለምሸት ከል

እስከ ስምንት ዓመቴ ድረስ ከወንድ ሁሉ አብልጬ የምወደው ገብረወልድ የሚባል ሰው ነበር። አይቼው አላውቅም፤ ሞቷል። ግቢያችን ውስጥ አንዷን ክፍል የተከራየችው የዓለምሸት ባል ነው። ዝንጅብል የበዛበት ሻይ እንደሚወድ፣ ሲስቅ ትከሻው እንደሚንቀጠቀጥ፣ ዝናብ ሲይዛቸው ኮቱን አውልቆ ለእሷ እንደሚያለብሳት ነግራኛለች። ስጸልይ ከአባቴ ቀጥዬ የሱን ስም እጠራለሁ። አባቴ ማጂ መንገድ ሥራ ላይ ስለነበር ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ገብረወልድ ግን ዘወትር አለ። ከሁለቱ ማንን ይበልጥ ታውቂያለሽ ብባል መልሴ አባቴን ያስቀይመው ነበር።

ገብረወልድ የሚባል ባል አልነበረም። ይህን የሰማሁት ራሴን ችዬ ከቤት ከወጣሁ በኋላ ነው፤ እናቴ ምስር እየለቀመች፣ ቀና እንኳ ሳትል ነገረችኝ። ዓለምሸት ማጂ ውስጥ ወንድ ልጅ ተብላ ተወለደች፣ ወንድ ልጅ ተብላ ክርስትና ተነሣች። እሷ ግን ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ሴት መሆኗን ታውቅ ነበር። ወንድሟ በዱላ ከቤት አባረራት። ቴፒ ወርዳ ቀሚስ ለብሳ ቡና ለቃሚ ሆነች፤ ደማቅ ቀሚስ ነበር፣ ወጣትም ስለነበረች የሚያልፍ ሁሉ ያያታል። አንድ ቀን አንዱ ጠረጠራትና ቀሚሷን ገበያ መሀል ቀደዱባት። ከዚያ ያመለጠችው ባልቴት ሆና ነው። ሚዛን ተፈሪ ስትደርስ ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳ፣ “ባሌ ሞቶብኝ ነው” አለች። ዘመኑ ዘጠና ሦስት ነው፤ እናቴ ባል የሞተባትን ሴት ወደ ዝናብ የምትመልስ ሰው አልነበረችም።

ሳስበው የዓለምሸት ብልሃት ይገርመኛል። ከል የለበሰች ሴት ጮክ ብላ አትናገርም፤ ስለዚህ ድምፅሽ ለምን ጎረነነ የሚላት የለም። ሻሿን እስከ አገጯ ትጠመጥማለች፣ ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች፤ አንገቷን ማን ያያል? ሠርግ አትጠራም፣ ጸጉሯን አትሠራም፣ ጉትቻ ባታደርግ አይገርምም። ወንድ አይለክፋትም፤ ነውር ነው። መንገድ ላይ ያገኛት ሰው ጥቁሩን አይቶ አንገቱን ይደፋል እንጂ ጥቁሩ ውስጥ ያለችውን አያይም። ቡና መጋዘን ውስጥ ሴቶቹ በረድፍ ተቀምጠው ድንጋዩንና የተበላሸውን ፍሬ ሲለቅሙ እየተሳሳቁ ነው የሚውሉት፤ እሷ ጫፍ ላይ አቀርቅራ ትለቅማለች፣ ማንም አይነካካትም።

እኔ ይህን ሁሉ ፍቅር ነው ብዬ ነበር። ሳድግ እንደ ዓለምሸት ባሌ ሞቶብኝ ጥቁር መልበስ እመኝ ነበር። ለእናቴ ነግሬያት በጥፊ ልትለኝ ተነሥታለች።

የዚያን ክረምት ዓለምሸትን ወባ ጣላት። ትኩሳቱ ሲብስባት እናቴ ቀዝቃዛ ውሃ በሳፋ ይዛ ገባችና በሩን ዘጋች። ገላዋን ልታብስላት ነው። እኔ ደጅ ቁጢጥ ብዬ እጠብቃለሁ። ብዙም ሳትቆይ ወጣችና ደፉ ላይ ቆመች። ሳፋው በእጇ ዘንበል ብሎ ውሃው ቀሚሷ ላይ እየፈሰሰ ነው፤ እሷ አላወቀችም።

“እማዬ፣ ልትሞት ነው?” አልኳት።

“ዝም በይ” አለችና ተመልሳ ገባች። ከዚያ በጣውላው ስንጥቅ ድምፅዋን ሰማሁ። “ለማንም ትንፍሽ አልልም። አንቺ ብቻ ይሄን ከል እንዳታወልቂ። ሰምተሽኛል?”

እናቴም ገብረወልድን ትወደዋለች ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

እናቴ ጾም የማታፈርስ፣ ቅዳሴ የማይቀርባት፣ በሰው ኃጢአት ላይ ምላሷ የማይመለስ ሴት ነበረች። ታዲያ ለምን ለማንም አልተናገርሽም ብዬ ኋላ ጠየቅኋት። “ትኩሳት የያዘው ሰው ይወራበታል እንዴ?” አለችኝና ምስሯን መልቀም ቀጠለች። ከዚያ የተሻለ መልስ እስከ ዛሬ አልሰጠችኝም፤ እኔም ከዚያ የተሻለ መልስ ያለ አይመስለኝም።

ችግሩ፣ ከል ቀን አለው። የሙት ዓመቱ ሲያልፍ ይወልቃል። በእኛ ሰፈር ደግሞ ባለቤቷ አታወልቀውም፤ በገዛ እጇ ካወለቀችው ሙቷን ቶሎ ረሳች ተብላ ትታማለች። ጎረቤት ሴቶች ናቸው ተሰብስበው መጥተው የሚያወልቁላት። ልብሷን አውልቀው ገላዋን ያጥቧታል፣ ጸጉሯን ቅቤ ቀብተው ይሠሯታል፣ አዲስ ቀሚስ አልብሰው እልል ይሉላታል። እንደዚያ ቀን የሴቶች ደግነት የሚታይበት ቀን አላውቅም። ለዓለምሸት ግን የሚመጡት በደግ እጃቸው ሊገልጧት ነው።

ዓመቱ አለፈ። እናቴ አንዴ ሐዘኑ አልወጣላትም፣ አንዴ ታማለች እያለች ወራት ገፋች። እስከዚያ ድረስ ማንም የማያያትን ሴት ሰው ያያት ጀመር። መጋዘን ውስጥ “አሁንም አላወለቀችም?” ይባባላሉ። የምን ባል ቢሆን ነው፣ ገላዋ ላይ ነገር ቢኖር ነው፣ ስለት ገብታ ይሆናል፤ ሁሉም የመሰለውን ይላል። እኔ ከእናቴ ጋር ገበያ ስሄድ “ያቺ ጥቁሯ ተከራያችሁ እንዴት ናት?” ብለው ይጠይቁን ጀመር። ዝናዋ በመውጣቱ ኮራሁ። የተሸሸገችበት ልብስ ራሱ ጠቋሚ ሆኖባታል፤ እሷም ያንን አውቃ ነበር መሰለኝ፣ ከሥራ ስትመለስ በዋናው መንገድ መምጣት ትታ በጓሮ በኩል በእንሰቱ መሀል ትገባ ነበር።

በመጨረሻ የሴቶች ዕድር ሰብሳቢዋ እትዬ ካሰች መጡ። እትዬ ካሰች ደግ ናቸው፤ ደግነታቸውን እምቢ ማለት ግን አይቻልም።

“ለተብርሃን፣ ይቺን ልጅ እኮ በቁሟ ቀበርናት” አሏት እናቴን። “እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንመጣለን። ቅቤውን እኔ ይዣለሁ። ጨርቁን እሷ ከሀጂራ ሱቅ ትምረጥ፣ የዕድሩ ስጦታ ነው፤ ነግሬያታለሁ።”

“እሷ አልፈለገችም እኮ፣ እትዬ።”

“ሐዘንተኛ መቼ ትፈልጋለች? እኔ የባሌን ከል ሲያወልቁልኝ እየነከስኳቸው ነው። አሁን ግን ይኸው፣ ደህና ነኝ።” ሳቁና ሄዱ።

በማግሥቱ ዓለምሸት እኔን ይዛ ሀጂራ ሱቅ ሄደች። ሀጂራ ከወልቂጤ ወገን የመጣች፣ ወጣት፣ ተሸፋፍና የምትለብስ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ሙሽራም ሆነ አሮጊት ከሷ ሱቅ ያልለበሰ የለም። ሁለት ጣቃ አወረደች። አንዱ አመድማ ነው፣ ጥቃቅን ነጠብጣብ አለው። ሌላው ብርቱካን ቀለም፣ ትልልቅ ነጭ አበባ ያለው።

“አመዱን ከለበስሽ ማንም ዞሮ አያይሽም” አለች ሀጂራ፤ “ሚዛን ያለች ሴት ሁሉ አላት። ብርቱካኑን ከለበስሽ ደግሞ፣ ቁመትሽ ይሄው እንደምናየው ነው፣ እስከ አማን ከተማ ድረስ ትታያለሽ።”

ዓለምሸት እጇን አመዱ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ብርቱካኑን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ አሸት አሸት አደረገችው። እኔ ብርቱካኑን እንድትወስድ እየለመንኋት ቀሚሷን እጎትታለሁ።

“አንቺ ብትሆኚ የቱን ትወስጃለሽ?” አለቻት ሀጂራን፣ በዚያ ቀስ ባለ ድምፅዋ።

“እኔማ ሽፍንፍን ማለት ደስ ይለኛል፤ ማንም አላስገደደኝም። አንቺም አመዱ ደስ ብሎሽ ከሆነ ውሰጂው። ፈርተሽ ከሆነ ግን ዛሬ አትምረጪ። ሌላ ቀን ነይ።”

“ሌላ ቀን የለኝም” አለች ዓለምሸት። “ብርቱካኑን ቁረጪልኝ።”

ሀጂራ ሐሜት የፈራች ባልቴት ልታደፋፍር ነው እንጂ የምታወራው ከማን ጋር እንደሆነ አታውቅም ነበር። እኔም ሱቁ ሊዘጋ ነው ብዬ ነው የተረዳሁት። አሁን ሳሰላስለው ምርጫዋ እብደት አልነበረም። በአመዱም ቢሆን የሚያለብሷት ያው ሴቶች ናቸው፤ ከእጃቸው ሊያስጥላት የሚችል ቀለም የለም። ስለዚህ ሌላ ነገር አስባ ነበር፤ ከመምጣታቸው በፊት ራሷ ከሏን አውልቃ፣ ራሷ ለብሳ፣ ራሷ በሩን ከፍታ ልትወጣ። ባለጌ ይሏታል፣ ባሏን ረሳች ይሏታል። ይበሉ። የባለጌ ሴት ስም እኮ የሴት ስም ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ ክፍሏ ጠራችኝ። በእጇ የሰፋችውን ቀሚስ ለብሳለች። ሻሽ የለም፣ ነጠላ የለም። አንገቷን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፤ ረጅም አንገት ነበር፣ መሀሉ ላይ እንደ አባቴ ጉብ ያለ ነገር አለው። የሁሉም ሐዘንተኛ ጉሮሮ ለቅሶ ሲያቅር እንደዚያ የሚሆን መሰለኝ። ትከሻዋ ሰፊ ነው፤ ነጩ አበባ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶበታል። ትንሿን መስተዋት ከፍ አድርጌ እንድይዝላት ነገረችኝ።

“እንዴት ነኝ፣ ምሕረት?”

“ሙሽራ ትመስያለሽ።”

ሳቀች። ያኔ ነው ስትስቅ የሷም ትከሻ እንደሚንቀጠቀጥ ያየሁት፤ ባልና ሚስት ሲኖሩ ይመሳሰላሉ ይባላል ብዬ አለፍሁት። “ነገ እንዲህ ሆኜ ነው የምወጣው” አለች። “ያየኝ ይየኝ። ተከናንቤ ስኖር እኮ ደህና አልነበርኩም፤ አልሞትኩም እንጂ።” ፊቷ እንዲያ ሲበራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

እናቴን ራሷ ሄዳ ነገረቻት። እኔ በረንዳው ላይ ነኝ፤ ዝናቡ ግማሹን ንግግር ይበላዋል።

“አንገትሽን ያዩታል” ትላለች እናቴ።

“ይዩት።”

“እጅሽን ያያሉ። እትዬ ካሰች ስመው አይለቁሽም፣ ፊትሽን ይዳስሱታል። ቴፒን ረሳሽው?”

“አልረሳሁም፣ እትዬ። ግን እርስዎም አይተውኝ ነበር፤ ሳፋውን ይዘው ተመልሰው ገቡ።”

“ሰው ሁሉ እንደኔ መስሎሽ ነው?” አለች እናቴ። ድምፅዋ ልታለቅስ እንደደረሰች ሴት ነበር።

አንገቷ ላይ የምታደርገው ሐብል ስለሌላት እናቴ አፍራባት ነው ብዬ ደመደምሁ። የራሴን ሰማያዊ ዶቃ አውጥቼ ልሰጣት ብልም ለአንገቷ አልደርስ አለ።

እሑድ ሰማዩ ጠርቶ ዋለ። ሴቶቹ ነጫጭ ለብሰው መጥተው ግቢያችን ውስጥ ካለው አቮካዶ ሥር ተቀመጡ። እትዬ ካሰች ቅቤውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ይዘዋል፤ ሌሎቹ ሳፋና ሳሙና፣ ሞቅ ያለ ውሃ በጀሪካን። ይቀልዳሉ፣ እልልታቸውን ይለማመዳሉ። እናቴ ማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም፤ እኔንም ቁርስ ረስታኛለች።

“ዓለምሸት” አሉ እትዬ ካሰች፤ “ነይ ውጪ የኔ ልጅ፣ በቃሽ።”

የክፍሏ መቀርቀሪያ ሲሳብ ሰማሁ። እናቴም ሰማች። ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ መንጭቃ አዘቀዘቀችው፤ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነችና “ወንድሟን፣ ወንድሟን” እያለች ጮኸች። “ባለቤቴ ከማጂ ልኮብኝ፤ እንዴት እንደማረዳት ጠፍቶኝ ነው፣ እኅቶቼ። ወንድሟ ሞቷል።”

ግቢው በአንዴ ተናወጠ። ቅቤው መሬት ላይ ወደቀ። በዚያ ጩኸት መሀል በሩ ተከፈተና ዓለምሸት በብርቱካን ቀሚስ፣ ራሷን ገልጣ፣ ደፉ ላይ ቆመች።

ሁሉም አዩዋት። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ። ፀሐዩ ፊት ለፊት ነው ያረፈባት። አንገቷንም፣ ትልልቅ እጆቿንም፣ ያንን ትከሻም አዩ። እትዬ ካሰች ደረታቸውን እየደቁ “ውይ፣ ለብሳ ነበር እኮ” አሉ። “እንዲህ አምሮባት፣ እንዲህ አምሮባት ለብሳ።” ከዚያ ሮጠው ገብተው አልጋዋ ላይ የተጣጠፈውን ጥቁር ልብስ አመጡና ከብርቱካኑ በላይ አጠለቁላት። ሌላዋ ሻሹን እስከ አገጯ ጠመጠመችላት። እያለቀሱ፣ እየሳሟት፣ በዚያ በደግ እጃቸው መልሰው ከተቷት።

ዓለምሸት መጀመሪያ ያየችው እናቴን ነው። እውነት ነው ወይ ብላ የጠየቀቻት መሰለኝ። ከዚያ በጉልበቷ ጭቃው ላይ ወደቀችና አለቀሰች። እኔ ከዚያ በፊትም ለቅሶ ቤት አውቃለሁ፤ እንደዚያ ያለ ለቅሶ ግን ሰምቼ አላውቅም። ስሙን እንኳ ጠርታልኝ የማታውቀውን ወንድሟን ይህን ያህል ትወደው ኖሯል ብዬ አብሬያት አለቀስሁ። ሰውዬው ዛሬም በሕይወት አለ። ያ በዱላ ያባረራት ነው።

እናቴ “አዳንኋት” ትላለች። ምናልባት እውነቷን ነው። ቴፒ ላይ የደረሰባት እዚያ አቮካዶ ሥር ሊደገም ይችል ነበር፤ እነዚያው ደግ ሴቶች ሳሙናውን ጥለው ድንጋይ ሊያነሡ ይችሉ ነበር። ወይም እትዬ ካሰች ያሉትን ብቻ ብለው፣ አምሮብሻል ብለው፣ እልል ብለው ሊሄዱ ይችሉ ነበር። ዓለምሸት ይህን ለማወቅ ነበር በሩን የከፈተችው። እናቴን እወዳታለሁ፤ በዚህ ግን እስከ ዛሬ እናደድባታለሁ።

ወደ ማታ ለቀስተኛው ሲቀል እናቴ ንፍሮ በሰሐን ይዛ ገባች፤ እኔም ተከትያት ገባሁ። ዓለምሸት ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ከጥቁሩ ሥር የብርቱካኑ ጠርዝ ብቅ ብሏል፤ እናቴ ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አስገባችው።

“ይሄ ስንት ጊዜ ያቆየናል?” አለች ዓለምሸት። ድምፅዋ ሙልጭ ብሎ አልቋል።

“አንድ ዓመት እፎይ እንላለን።”

“ከዚያስ?”

“ሌላ ወንድም አለኝ ብለሽኝ የለ? እሱ አለ።”

“ከዚያስ?”

“አክስትሽ አለች። አጎትሽ አለ።” እናቴ ንፍሮውን ወደሷ አስጠጋችላት። “እናትሽም…”

“እናቴን አይንኩብኝ፣ እትዬ።”

እኔ ንፍሮዬን እያላመጥሁ እሰማለሁ። ልታጽናናት፣ ብቻሽን አይደለሽም ልትላት፣ የቀሯትን ዘመዶች እየቆጠረችላት ነው ብዬ ነው የገባኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ከገብረወልድ በቀር ሰው የላትም እያልሁ አዝንላት ስለነበር ደስታዬን መሸሸግ አልቻልሁም።

“ዓለምዬ፣ ብዙ ዘመድ አለሽ እኮ” አልኋት።

ወደኔ ዞረች። በሻሿ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና ጉንጬን ዳበሰችኝ።

“አዎ፣ የኔ ቆንጆ” አለችኝ። “እስካረጅ ድረስ ይበቁኛል።”